ፈህሚያ የቆጠረችው ደም

ፈህሚያ ዐብዱረሕማን ደም ትቆጥራለች። ጎንደር ውስጥ ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በመስኮቱ የመንገደኛ እግር ብቻ በሚታይበት ምድር ቤት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዐይኖቿን ማይክሮስኮፕ ላይ ተክላ ኖራለች። በሽተኛ አያውቃትም። ሐኪም ሲመረቅ እሷ የለችም፤ ሲረገምም የለችም። ከውጤቱ ወረቀት ግርጌ የተሞነጨረችው ፊርማ የሷ ናት፤ ግን ማን አንብቧት ያውቃል?

ደም የሚቆጥረው ማሽን ኬሚካሉ ካለቀበት ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ለምን አለቀ? ማዘዝ የነበረበት ማን ነው? ይህን የጠየቀ ሁሉ ወደ አንድ ቢሮ ይላካል፤ ከዚያም ወደ ሌላ ቢሮ፤ ከዚያም ወደ መጀመሪያው። ፈህሚያ መመላለሱ ሲሰለቻት በእጇ መቁጠር ጀመረች። ጠብታ ደም መስታወት ላይ ትስባለች፣ ታደርቃለች፣ ቀለም ታፈስበታለች፣ ታጥባለች። ከዚያ ነጭ የደም ሕዋሳቱን በየዓይነታቸው እየለየች እስከ መቶ ትቆጥራለች። በግራ እጇ ሥር ያለችው ትንሽ መቁጠሪያ ቁልፏ በተነካ ቁጥር ቀጭ ትላለች።

«ፈህሚያ፣ ተስቢሁ አላለቀም?» ይላታል ከጎኗ የሚሠራው መለሰ፣ መቁጠሪያዋን የሙስሊም ጸሎት መቁጠሪያ አስመስሎ።

«አንተም እንደ ሰው ብትቆጥር ኖሮ በጊዜ ያልቅ ነበር።»

ማክሰኞ ዕለት ከቆጠረቻቸው መስታወቶች አንዱ ላይ «ዳኛው ምንዳዬ፣ ዕድሜ 61፣ ኮሶዬ» የሚል ተለጥፎበታል። ኒውትሮፊል ሰባ ስምንት፤ ሊምፎሳይት ዐሥር። ሲካፈል ሰባት ነጥብ ስምንት።

ይህ ቁጥር ምን እንደሆነ ሐኪሞች ለበሽተኛ መናገር ስለማይወዱ እዚህ ይነገር። ሰውነት ሲቆስል፣ ሲመረዝ ወይም ዕጢ ሲያበቅል ደም ይቆጣል፤ ብግነት ይሉታል። ደም ሲቆጣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ሕዋሳት ክተት እንደተባለ ዘማች ይጎርፋሉ። ሊምፎሳይት የሚባሉት፣ ዕጢን አድነው ከሚይዙት ወገን የሆኑት፣ ይሳሳሉ። የጉበት ካንሰር ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ ይህ ምጣኔ ከፍ ያለባቸው ቢታከሙም ብዙውን ጊዜ በሽታው ቶሎ ይመለስባቸዋል። ምርመራው ርካሽ ነው፤ አንድ ጠብታ ደም ይበቃዋል። ሐኪም ቢወደው አይፈረድበትም። የሚፈረድበት ወረቀቱን አይቶ ሰውየውን ሳያይ ሲቀር ነው።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ቁጥሩ ሞትና ሕይወት ነበር። ከአዲስ አበባ አንድ የሐኪሞች ቡድን መሣሪያ ይዞ ሊመጣ ነው። ረጅም መርፌ በቆዳ አሳልፈው ጉበት ውስጥ ያለው ዕጢ ድረስ ይሰዳሉ፤ የመርፌው ጫፍ ይግላል፤ ዕጢው ካለበት ይቃጠላል። በሁለት ቀን ማድረስ የሚችሉት ስድስት ሰው ነው። የተመዘገቡት ዐሥራ አንድ ናቸው። የሚመርጠው ዶክተር ሙሉሰው ሲሆን ዝርዝሩ ሐሙስ ስድስት ሰዓት መላክ አለበት። የሁሉም ዕጢ ገና ትንሽ ስለሆነ መለያው ይህ የደም ቁጥር ሆነ። ከአምስት በላይ የሆነ ይቀራል።

ፈህሚያ ያን ዕለት ሌላም ነገር አይታለች። ከሰባ ስምንቱ ውስጥ ብዙዎቹ ገና ያልበሰሉ፣ ሆዳቸው ጥቁር ፍርፋሪ የጎረሰ ነበሩ። ዕጢ እንዲህ አያደርግም፤ መግል ነው እንዲህ የሚያደርግ። ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ቦታ የለም፤ ያለው ሁለት ሣጥንና አንድ ምጣኔ ነው። አርባ መስታወት ይጠብቃታል። ሰባት ነጥብ ስምንት ብላ ጽፋ ፈረመች። ማለባበስ አያስፈልግም፤ አየች፣ አልጻፈችም።

ከሰዓት በኋላ በኮሪደሩ ስታልፍ አንዲት ሴት ወረቀት ጨብጣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። አጠገቧ ጋቢ የለበሱ ቀጥ ያሉ ሽማግሌ ቆመዋል።

«ምነው ሐረገወይን፣ ምን ያስለቅስሻል? ወረፋ ነው፤ አለፈን።»

«ወረፋ አይደለም አባየ። ደምህ ተቆጥቷል፣ ሕክምናው አይጠቅምህም አሉ።»

«ደሜማ ድሮም ቁጡ ነው፤ እናትሽን ጠይቂያት።»

ፈህሚያ ቆም አለች። ሽማግሌው ቀኝ ክርናቸውን ከጎናቸው አርቀው ይዘውታል፤ ጎናቸው የሚፋጅ ይመስል። ወረቀቱ ላይ «ዳኛው ምንዳዬ» የሚለውን ስም፣ ከግርጌው የሷን ፊርማ አየች። አለፈች።

ያን ምሽት ራት አልወረደላትም። ለምን እንዳልወረደላት ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ጎንደር ላይ እስላሙና ክርስቲያኑ፣ ከተሜውና ባላገሩ አንድ ቃል የሚሆኑበት ነገር ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ይኸውላችሁ፤ የወፍ በሽታ የያዘው ሰው መርፌ አይወጋም፤ ከተወጋ ይሞታል። ዐይኑ ቢጫ የሆነ፣ ጉበቱ ያበጠ ሁሉ የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው። ሥር ይጠጣል፣ ይተኮሳል፤ መርፌ ግን ወዲያ። የተማረው እንኳ በቀን ይስቅበትና እናቱ ስትታመም «ለማንኛውም መርፌው ይቆይ» ይላል።

የፈህሚያ አባት ዐብዱረሕማን ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እሷ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት ዐይናቸው ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት ተኝተው ነርሷ ጉሉኮስ ልትሰካላቸው ስትል ዘመድ ሁሉ ውጭ ተሰብስቦ መከረና መልእክቱን ለልጂቱ ሰጣት። ሮጣ ገብታ የነርሷን እጅ የያዘች እሷ ናት። «አባቴ መርፌ አይወጋም።» በዘጠነኛው ቀን ቀበሯቸው። «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለ። ፈህሚያ ግን የያዘችው እጅ እስከ ዛሬ መዳፏ ውስጥ አለ። የላብራቶሪ ትምህርት የገባችውም በሌላ ምክንያት አይደለም።

ረቡዕ ጧት የዳኛው ምንዳዬን መስታወት ከሣጥኑ አውጥታ ለመለሰ ሰጠችው። ስሙን አልነገረችውም።

«ምን ታያለህ?»

መለሰ የማይክሮስኮፑን ቁልፍ ወዲያ ወዲህ አዞረ። «ሕፃናት። ያለ ዕድሜያቸው የዘመቱ። ይኼ ሰውየ የሚመግል ነገር አለው።»

በቀጥታ ወደ ፎቅ ወጣች።

ዶክተር ሙሉሰው ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በሩ ላይ በቀን ስልሳ ሰው ይሰለፋል፤ ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሽማግሌውን ሸሚዝ ሳያስወልቅ ስማቸውን መሰረዙም እውነት ነው።

«የትናንትናው ሰውየ ኢንፌክሽን አለባቸው» አለችው ሳታንኳኳ ገብታ።

«የትኛው?»

«የኮሶዬው። ቁጥሩን የሰቀለው ዕጢው አይደለም። የሆነ ቦታ መግል ይዘዋል።»

«ትኩሳት የላቸውም። ጠይቄያቸዋለሁ፤ ቁስል የለብኝም አሉ።»

«ጎናቸውን አይተሃል?»

«ሲቲ ስካን አላቸው እኮ።»

«ሲቲ ስካኑ የዛሬ ወር የተነሡት ነው። አሁንስ አይተሃል ወይ?»

«ፈህሚያ፣ አንቺ ላብራቶሪ ነሽ።»

«ነኝ። አንተ ደግሞ ሐኪም ነህ። ከሁለታችን ልብስ ማስወለቅ የማን ሥራ ነው?»

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። ብዕሩን አስቀመጠ። «ስሚኝ። በሳቸው ቦታ አንዲት ሴት አስገብቻለሁ፤ ነግሬያታለሁም። በጥርጣሬ የሰው ቦታ አልቀማም። ምክንያት ካለሽ ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ምክንያቱን በእግሩ አምጪልኝ።»

ከመዝገቡ የሐረገወይንን ስልክ አውጥታ ደወለች። ጥሪ አይቀበልም። ከሰዓት ደወለች፤ አይቀበልም። ያረፉት ቀሐ አካባቢ ዘመድ ቤት ነው የሚል ብቻ ሰማች። ቀሐን በር በበር ማንኳኳት አይቻል። ሐሙስ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጠራ።

«ሐረገወይን? የት ናችሁ?»

«መናኸሪያ። ወደ አገራችን ልንገባ ነው። ማን ልበል?»

«አትሂዱ! መጣሁ!»

ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ባጃጅ ውስጥ ዘለለች። መለሰ ከኋላዋ «መስታወቶቹስ?» ብሎ ሲጮህ አልመለሰችለትም።

መናኸሪያው እንደ ተነካ ቀፎ ይንጫጫል። መንገዱ አራት ቀን ተዘግቶ ቆይቶ ገና ያን ጧት መከፈቱ ነው፤ የሚሄድ ሁሉ ዛሬ ነው የሚሄድ። ያመለጠው መቼ እንደሚሄድ፣ የሄደው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ፈህሚያ ይህን ታውቃለች። አያ ዳኛው ዛሬ ኮሶዬ ከገቡ ነገ ጎንደር ላይመለሱ ይችላሉ።

«ደባርቅ! ደባርቅ! ሁለት ሰው ነው የቀረ!» በኮሶዬ የሚያልፈው ሚኒባስ ሾፌር በሩን ይደበድባል። ሽማግሌው በመስኮቱ በኩል ተቀምጠዋል፤ ቀኝ ክርናቸው አሁንም ከጎናቸው ራቅ ብሏል።

«አያ ዳኛው፣ ይውረዱ።»

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ደምዎን የቆጠርሁ እኔ ነኝ።»

«እህ! ታዲያ ስንት ጎደለኝ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ፈህሚያ አልሳቀችም።

«አልጎደለም፤ በዛ። ለምን እንደ በዛ እርስዎ ያውቃሉ። ቀኝ ጎንዎ ላይ ምን አለ?»

«ጎን አለ።»

«አባየ!» አለች ሐረገወይን።

«እናንተ!» አለ ሾፌሩ። «የምትወርዱ ከሆነ ውረዱ፤ ቦታውን የሚፈልግ መዓት ነው። መንገዱን ለነገ የማዘው እኔ አይደለሁም!»

ሐረገወይን ሳትጠየቅ ከረጢቱን አንሥታ ወረደች። አባትየውም እያጉረመረሙ ተከተሏት። ከትኬት ቢሮው ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ቆሙ። አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር።

«ልጀ፣ ሸጋ ሰው ትመስይኛለሽ» አሉ አያ ዳኛው ረጋ ብለው። «ግን ተይኝ። የማለ ሰው ነኝ።»

«ምን ብለው ማሉ?»

«እሱን ከነገርሁሽማ መሐላው ምኑን መሐላ ሆነ?»

«ጋቢው ይጣበቅበታል» አለች ሐረገወይን። «የማጥበው እኔ ነኝ። ቢጫ ነገር አለው። ምንድን ነው ስለው 'ማር ነው' አለኝ።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«ማር? በጎንህ ነው ማር የምትበላ?»

ፈህሚያ ነገሩ ገባት። ባላገር አገር የሚተኩሱ አዋቂ ብረት አግለው ጎን ላይ ካሳረፉ በኋላ በሽተኛውን ያስምሉታል። አርባ ቀን ለማንም እንዳይናገር ነው፤ ከተናገረ መድኃኒቱ ይከሽፋል። ሐኪም ሲጠይቅ «የለብኝም» ያሉት ዋሽተው አይደለም፤ ቃላቸውን ጠብቀው ነው። የታመኑ ሰው ስለሆኑ ሊሞቱ ነው።

«አያ ዳኛው፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ዶክተሩ ካላየዎት ስምዎ ይቀራል። አበቃ። ምን ያስፈራዎታል?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ። ከዚያ ስለ ዛሬው ሳይሆን ስለ ሌላ ጊዜ ተናገሩ።

«በጉልምስናየ ጣፊያየን ተተኩሼ ነበር። ያ ደግሞ መሐላ አልነበረውም። ጤና ጣቢያ ሄድሁና ሸሚዜን ገለጥሁ። እዚያ የነበረው ባለሙያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሰዉን ጠራ። 'ኑና ኋላ ቀርነትን እዩ' አለ። ሴት ወንዱ፣ ጎረቤቴ ሁሉ፣ ከበበኝና ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ለማን ብየ ነው የምገልጥ?»

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እያልን እንተርታለን፤ የገለጠውን ደግሞ ሰብስበን እንስቅበታለን። ያ ባለሙያ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም። ምናልባት ሹመት አግኝቷል። የሳቀው ሳቅ ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የአንድ ገበሬ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሆኖ ተቆልፏል።

ፈህሚያ ሳታስበው ስለ አባቷ መናገር ጀመረች። ስለ ቢጫው ዐይን፣ ስለ ነርሷ እጅ፣ ስለ ዘጠኙ ቀን። ድምፅዋ ልመና አልነበረውም፤ ቁጣ ነበረው።

«መርፌውን ቢወጉ ይድኑ ነበር?» አሉ አያ ዳኛው።

«አላውቅም።»

«አታውቂም?»

«ማንም አያውቅም! አልሞከርነውማ! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚያንገበግበኝ ይኼው ነው።»

ሽማግሌው አተኩረው አዩዋት። ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ክላክስ እያሰማ ወጣ። ዐይናቸው እስከ በሩ ሸኘው። ከዚያ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና ዳኛ ፊት እንደ ቆመ ተሟጋች ተናገሩ።

«እኔ የማልሁት ላልናገር ነው። የማለች ምላሴ ናት። ገላየ ምንም አልማለም።»

«እና?»

«አንቺ ዐይን አለሽ። ጋቢ ደግሞ በነፋስ ይገለጣል። እኔ ምን አውቄ?»

«ነፋስ የለም እኮ አባየ» አለች ሐረገወይን።

«ታዲያ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ሐረገወይን ጋቢውን ያዘች። ገለጠችው። ሸሚዙ ከቆዳው ጋር ተጣብቋል፤ ስትስበው ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዞሩ። ከጎድናቸው ሥር ጣት ጣት የሚያህሉ፣ ገና ጠባሳ ያልሆኑ ሦስት መሥመሮች፣ ዙሪያቸው የቀላ፣ መካከላቸው መግል የቋጠረ። ሽታው ግንቡ ሥር ተዘረጋ።

«ኪዳነ ምሕረት!» አለች ሐረገወይን አፏን ይዛ።

«ባጃጅ!» ብላ ጮኸች ፈህሚያ።

ዶክተር ሙሉሰው ቢሮ ሲደርሱ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነው። ዝርዝሩ ኮምፒዩተሩ ላይ ተከፍቶ ይታያል። ፈህሚያ የሽማግሌውን ጋቢ ገለጠች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አላቸው ዶክተሩ። አያ ዳኛው ግድግዳውን አዩ።

«አይናገሩም፤ ምለዋል» አለች ፈህሚያ። «ዐይንህን ተጠቀምበት።»

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አየ፣ በጓንት ነካካ። ቀና ሲል ዐይኑ የራሱ ወንበር ላይ ዐረፈ፤ ሄዶ ተቀመጠበት። ማክሰኞ ዕለት እኚህ ሰው ከዚያው ወንበር ፊት ስድስት ደቂቃ ቆመው ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላቸው።

«ምን አደረግህ ልጀ?» አሉ ሽማግሌው ግራ ተጋብተው። ከሐኪም ይቅርታ ሰምተው አያውቁም።

«አሁን ችግሩን ልንገርሽ» አለ ዶክተሩ ወደ ፈህሚያ ዞሮ። «ስድስተኛዋ ባንቺአየሁ ትባላለች። ከድብ ባሕር ነው የመጣች። ቁጥሯ አራት ነጥብ ስድስት ነው። ገብተሻል ብያታለሁ፤ እግሬን ስማ ነው የሄደች። እሷን ምን ልበላት?»

ፈህሚያ ይህን አላሰበችውም ነበር። አንድ ሰው ልታስገባ ስትሮጥ በሩ ላይ ሌላ ሰው እንዳለ ረስታ ነበር።

«ስድስተኛው ቦታ ላይ ሁለት ስም እጽፋለሁ» አለ ዶክተሩ እየተየበ። «ቡድኑ የሚመጣው በዐሥራ አንደኛው ቀን ነው። እስከዚያ ቁስሉ ይታከማል። በዋዜማው የሁለቱም ደም እንደገና ይቆጠራል። ዝቅ ያለው ይገባል።»

«የምቆጥረው እኔ ነኝ ማለት ነው?»

«ሌላ ማን አለ?»

መግሉን የሚያደርቀው መርፌ ቀላል አልሆነም፤ ደም መስጠት አንድ ነገር ነው፣ መድኃኒት በመርፌ መቀበል ሌላ። አያ ዳኛው መርፌ ክፍል ደርሰው ክንዳቸውን ጋቢ ውስጥ ቀበሩ። «ለሐረገወይን ንገሪልኝ» አሉ፣ «የነጋዴው ልጅ ገደለችው በያት።»

«እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ክንድዎን።»

ተወጉ። ያን ቀን እስኪመሽ ሞትን ተቀምጠው ጠበቁት። በማግሥቱ ፈህሚያን ሲያዩ «ዛሬም አልሞትሁም፤ ምን ይሻላል?» አሏት። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ መግል መቋጠር ተወ፤ በዘጠነኛው ቅርፊት ያዘ። ክርናቸው ወደ ጎናቸው ተመለሰ።

በዋዜማው ፈህሚያ ሁለቱን መስታወት ለመለሰ ሰጠችው። «ስሙን በፕላስተር ሸፍነው። አንድና ሁለት በላቸው። እጄን አላምነውም።»

መለሰ ሊቀልድ ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

መጀመሪያ «አንድ»ን ቆጠረች። ስልሳ አምስት፣ ሃያ ሦስት። ሁለት ነጥብ ስምንት። ሕዋሳቱ የበሰሉ፣ የጠሩ። ቀጥላ «ሁለት»ን ቆጠረች፤ ሰባ ሦስት፣ ዐሥራ ስድስት። አራት ነጥብ ስድስት። እነዚህም የበሰሉ ናቸው፤ የሚያሳብቅ ፍርፋሪ የላቸውም። ደግማ ቆጠረች። መለሰም ቆጠረ። ለውጥ የለም። ማንኛው የማን እንደሆነ ፕላስተሩ ሳይነሣ ታውቃለች፤ ልቧም ደስ ሊለው ሲል ዐፈረ። ፕላስተሩን ላጠችው። «አንድ» ዳኛው ምንዳዬ ነበሩ።

በማግሥቱ ጧት አያ ዳኛው የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሰው አልጋ ላይ ተኝተው በሩ እስኪከፈት ይጠብቃሉ። ሐረገወይን እግራቸው ሥር ቆማለች። ፈህሚያ ልትሰናበት መጣች።

«ውስጥ ገብተው ያቃጥሉታል አሉኝ» አሉ ሽማግሌው። «በውጭም እሳት፣ በውስጥም እሳት። ጉበቴ ሳይበስል አይቀርም።»

«ይህኛው ዕጢውን ለይቶ ነው። ላይመለስ ይችላል፤ ሊመለስም ይችላል። ቁጥሩ ተስፋ አለ ይላል፤ ከዚያ በላይ አይልም። አልዋሽዎትም።»

«እሱስ ሸጋ ነው።» ዐይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። «ስድስት ሰው ነው የሚገባ አላችሁ። እኔ ወጥቼ ነበር። ተመልሼ ስገባ የወጣ ማን ነው?»

ሐረገወይን ፈህሚያን በዐይኗ ተማጠነቻት። ፈህሚያ ግን መሸሸግ ሰልችቷታል።

«ባንቺአየሁ ትባላለች።»

«የየት አገር ናት?»

«የድብ ባሕር።»

«በኛው መንገድ ላይ ናታ።» ሽማግሌው ጣራውን አዩ። ሊነሡ የሚሞክሩ መሰሉ፤ ሐረገወይን ትከሻቸውን ያዘች። «እሷስ? ገላዋን አይታችኋል? እንደኔው የሸሸገችው ነገር የላትም?»

ፈህሚያ ደሟን ሁለቴ ቆጥራለች፤ ሴትዮዋን አንዴም አላየቻትም። ዶክተሩን በሩን በርግዳ ገብታ የሰደበችበትን ጥፋት እሷው ራሷ፣ በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ፣ ምድር ቤት ቁጭ ብላ ሠርታዋለች። ሕዋሳቱ የጠሩ ስለ መሰሏት በቂ አድርጋው ነበር።

በሩ ተከፈተ። አልጋው ተገፋ። «ሂጅ እንጅ!» አሉ አያ ዳኛው ከውስጥ ሆነው፤ በሩ ተዘጋ።

ባንቺአየሁ ኮሪደሩ ጫፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። አምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። የሚቀጥለው ቡድን በሦስት ወር ይመጣል ተብላለች፤ ወደ አገሯ የሚወስዳትን ሰው ትጠብቃለች። ነጩን ጋውን ስታይ ብድግ አለች።

«የሚቀር አለ? ከነሱ የሚቀር አለ እንዴ?»

«የሚቀር የለም» አለች ፈህሚያ። «ነይ ከኔ ጋር፤ ለሚቀጥለው እንዘጋጅ።»

መርፌ ክፍል አስገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ባንቺአየሁ ለምዳዋለችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች።

«ልብስሽን አውልቂ» አለቻት ፈህሚያ። «አፍሽንም ክፈች፤ ጥርስሽን አያለሁ፤ ደም በታመመ ጥርስም በመድኃኒትም ይቆጣል። የምትጠጭውን መድኃኒት ሁሉ ንገሪኝ፤ የሥሩንም፣ የክኒኑንም። እዚህ የሚስቅ ሰው የለም።»

«ምነው እቴ? ለደም ክንድ አይበቃም?»

«አይበቃም።»

ባንቺአየሁ በሩን አየች፤ ከዚያ ፈህሚያን አየቻት። ቀስ ብላ ሻሿን መፍታት ጀመረች።